ሦስት ተራ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሚዛን ክፍል ግድግዳ የተሰቀለው ሰሌዳ ቁራኛ የሚባለውን ጠጠር በቀይ ጻፈው፤ ከመቶ ሰባ አንድ።

ትርሲት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አየችው። ሰሌዳው በየሳምንቱ መጀመሪያ በጨዋታው የሚሰለፉትን የሠላሳ ስምንት ጠጠሮች ስም ያወጣል። ከየስሙ ጎን፣ ያ ጠጠር ከተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ከመቶ ስንቱን እንዳሸነፈ ይሰፍራል። ከአርባ ስምንት ለወረደው ጉልበት ይጨመርለታል፤ ከሃምሳ ሁለት ለበለጠው ይቀነስበታል። በመካከል ያለው ሳይነካ ይታለፋል። የክፍሉ ሥራ ይኸው ነው። ትርሲትም አራት ዓመት ሙሉ የሠራችው ይህንኑ ነው።

«ልጅሽን ምን እያበላሽው ነው?» አላት ኩምሳ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ። የእንስሳት ጠጠሮች ኃላፊ እሱ ነው። «የኔ ዝሆን እንኳ በዕድሜው ከሃምሳ ስድስት አልፎ አያውቅም። ለዚያችም ኩምቢውን አሳጥረንበታል።»

«እኔ ምንም አላደረግኩትም።»

«ችግሩ እሱ ነው። ያልተነካ ነገር ነው የሚባልገው።»

ትርሲት ፈገግ ብላ ተቀመጠችና በማቀዝቀዣው ምክንያት ክረምት ከበጋ ከአንገቷ የማይለየውን ግራጫ ሻርፕ ጠበቅ አደረገች። አዳማ ውጭ ትነዳለች፤ ሚዛን ክፍል ውስጥ ጣት ይደነዝዛል።

ጨዋታው ችሎት ይባላል። የውሃ፣ የመሬትና የግጦሽ ክርክር ወደ ሜዳ ከወረደ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ወገኖች ጠጠሮቻቸውን እንደ አቅማቸው በቁና ገዝተው ያሰልፋሉ፤ አንዱ ሰልፉን ያንቀሳቅሳል፣ ይጠብቃል፤ ሌላው ያንቀሳቅሳል፣ ይጠብቃል። ያሸነፈው የጠየቀውን ይወስዳል። ትንንሾቹ ተከራካሪዎች ራሳቸው ይጫወታሉ፤ ትልልቆቹ ማሽን ያጫውታሉ። ጨዋታው ስልሳ ተራ ደርሶ አሸናፊ ካልተገኘ ከየወገኑ አንድ ሰው በአካል መጥቶ ፊት ለፊት ይቀመጥ የሚል አንቀጽ በደንቡ መጨረሻ ላይ አለ። ከማሽን ጋር ተጫውቶ እዚያ የደረሰ ግን የለም። ይግባኝ የሚባለውም በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ክርክሩ ከተከፈተ በኋላ ጠጠር ከተቀየረ።

ትርሲት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዳኛን የምታውቀው በጠጠርነቱ ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ በሜዳው ሒሳብ ስድስት ቁና የሚያወጣ፣ በተራ አንድ ሳጥን ብቻ የሚራመድ።

ልማዱ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ቤት ከገባም ቆይቷል። በምትኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሁለት የልብስ ማስጫ ገመዶች አሉ፤ አንዱ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ሌላውን የውሃ ታንከሩ ይጋርደዋል። ቅዳሜ ጠዋት ትርሲት ከጎረቤቷ ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በስልካቸው ሰባት ተራ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈችው እርጥቧን ይዛ ወደ ጥላው ትሄዳለች። ከታች ያሉት ባልና ሚስት ባለፈው ጥር የልጃቸውን ስም በአሥራ ሁለት ተራ ወሰኑ። ሚስትየዋ ተሸነፈች። ሕፃኑ አባቱ በመረጠለት ስም ተመዘገበ። እናቱ ግን እስካሁን «ልጁ» ነው የምትለው።

ቁራኛን የሠራችው ትርሲት ራሷ ናት።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች፣ በተቀጠረች በሁለተኛው ወር፣ አዲስ ገቢዎች ለእንቁጣጣሽ አንዳንድ የባህል ጠጠር እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። አንዱ ጉግስ ተጫዋች አመጣ፣ ሌላዋ አዝማሪ። ትርሲት ተማሪ ሳለች አንዲት ቀጭን ጥናት አንብባ ነበር። በዱሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ተቋጥረው አብረው ዳኛ ይፈልጉ እንደነበር ጥናቷ ትናገራለች። አንዱ ካንዱ አያመልጥም። አንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ አንድ ጥላ ሥር ያርፋሉ፣ ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ። ይህን ወደደችው። ለምን እንደወደደችው ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

ጠጠሩን ባለ አንድ ቁና አደረገችው፣ ከሁሉ ርካሽ፤ ማንም ሰው ከሳሽ መሆን ይችላል ብላ። ቁራኛ ከጠላት ጠጠር አጠገብ ሲደርስ ጫፉን ይቋጥራል፤ ከዚያ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። በቅጹ ላይ «ስንት ተራ ይቆያል?» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ባዶውን ተወችው። ጥናቷ ላይ ቁጥር የለማ፤ ዳኛ እስኪገኝ ነው የሚለው። ማሽኑም ባዶውን «ማብቂያ የለውም» ብሎ አነበበ።

ስሕተት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያስተዋለው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ግሬደር ነው የሚያሰልፈው፣ ባለ ዘጠኝ ቁናውን፣ ሦስት ሳጥን ባንዴ የሚጠርገውን። ዘንድሮ ግን ትንንሾቹ ተከራካሪዎች ቁራኛን አገኙት።

ረፋዱ ላይ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ሁሉንም ሰበሰቡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ለሠራተኛ ልደት ኬክ የማይረሱ ሰው ናቸው።

«ሐሙስ ትልቅ ችሎት አለን» አሉ። «የግርጌ ቦይ ገበሬዎች ከራስጌው የአበባ እርሻ ጋር። የበጋ ውሃ ነው፤ የሦስት ዓመት። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ቁራኛ መስመር ይግባልኝ። ትርስዬ፣ ዛሬ ታደርሺዋለሽ?»

ትርሲት በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩዋት ጆሮዋ ጋለ።

«መዝገቡን... አንዴ ልየው» አለች። «ለምን እንዳሸነፈ ሳላውቅ ብነካው...»

«ጥሩ። እሱ ነው ጥንቃቄ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ ከልባቸው።

መዝገቡ መቶ ዘጠና ጨዋታ ነበር። ከምሳ በኋላ ጀመረች። ማክሰኞ ክርክሩ በተከፈተበት ሰዓት ገና መቶ አሥረኛው ላይ ነበረች፤ ሰዓቱን አየችው፣ ደነገጠች፣ ግን ማቆም አልቻለችም።

ያነበበችው ውጊያ አልነበረም። አንድ ምሳሌ ብቻ ብንወስድ፣ ባለፈው ግንቦት የግርጌ ቦይዋ ተጫዋች እትዬ ዘርፌ ከሁለተኛው ቦይ ተጫዋች ከአቶ ሽፈራው ጋር በአንድ የውሃ በር ተካሰው ነበር። የሁለቱም ጠጠር ሁሉ በቁራኛ ተቋጥሮ ተያዘ። የሚንቀሳቀስ የለም። ቋጠሮ የሚፈታው ዳኛ የሚገዛበት ቁና ለሁለቱም አልተረፈም። ተራ ሲደርስ «አለፍኩ» ብሎ ከመጻፍ በቀር የሚሠራ ነገር ጠፋ።

«አለፍኩ።»

«እኔም አለፍኩ።»

«አለፍኩ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንደኛው ተራ ላይ እትዬ ዘርፌ ጽፈዋል፦ «ሰውዬ፣ ምሳ በልተሃል?»

«ለጠላቴ አልናገርም። አለፍኩ።»

«ካልበላህ ብላ። እኔ ሽሮዬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አለፍኩ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ከስልክ ጋር ተቀምጠው ይበላሉ? አለፍኩ።»

«አንተስ በዚህ ዕድሜህ ውሃ ትሰርቅ የለም? አለፍኩ።»

«ማን ሰረቀ? በሩ ነው እንጂ። መዝጊያው ተሰብሮ ወደኛ ብቻ ይፈሳል። እኔም ጓሮዬ ረግረግ ሆኖ ድንቹ በሰበሰ። አለፍኩ።»

ከዚህ በኋላ ሦስት ተራ «አለፍኩ» ብቻ ተባብለዋል።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«የእህቴ ልጅ ብየዳ ያውቃል። አለፍኩ።»

ሠላሳ አራተኛው ተራ ላይ ሁለቱም ክርክሩን ትተው ወጥተዋል። ማሽኑ ግን «ተታረቁ» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ሜዳው ላይ መጨረሻ የተንቀሳቀሰውን ጠጠር ፈልጎ ድሉን ለእሱ ጻፈለት። ለቁራኛ።

ትርሲት ወረቀት አውጥታ ቆጠረች። ከቁራኛ ድሎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ። እነሱን አውጥታ የቀሩትን ብቻ ስታሰላ፣ ቁራኛ ከመቶ አርባ አራት ነው የሚያሸንፈው። ደካማ ጠጠር ነው። እንዲያውም ጉልበት ሊጨመርለት ይገባል።

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቷን ይዛ የአቶ ልዑልሰገድን በር አንኳኳች። የምትለውን ደረጃው ላይ አራት ጊዜ ተለማምዳው ነበር፤ ስትገባ ግን ወረቀቱን ብቻ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ግሩም ሥራ ነው» አሉ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

«እንግዲያው... አልበዛም ማለት ነው። ጉልበቱ።»

«በማን ላይ ነው ያልበዛው?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ዝሆን ግሬደርን ቢያሸንፍ ዝሆኑን እናደክማለን። ፈረሰኛ ዝሆንን ቢያሸንፍ ፈረሰኛውን። ይሄ የሚያሸንፈው ጨዋታውን ነው፣ ትርስዬ። ሰው ጀምሮ ትቶ ይወጣል። ከዚህ የከፋ መባለግ አለ?»

ትርሲት ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ሰው ቢታረቅ እኔም ደስ ይለኛል። ይታረቅ፤ በውጭ ይታረቅ። እኛ ዘንድ የመጣ ጉዳይ ግን ማለቅ አለበት። ያላለቀ ችሎት ከበዛ ሜዳው ለምን አስፈለገ ይባላል፤ ያን ጊዜ እኔም አንቺም ኩምሳም የለንም። መዝገቡን ካነበብሽው አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወሬ የሚጀምሩት ስንተኛው ተራ ላይ ነው?»

«እንደ ሰዉ ነው። ቶሎ የጀመሩት... አሥራ አንደኛው ላይ።»

«ከዚያ በፊት የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ሦስት ይበቃል። በሦስት ተራ ማንም ማንንም ምሳ በላህ ወይ አይለውም።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ቁጥሩን ያቀበለችው ራሷ መሆኗ ገባት።

«ክርክሩ ግን ትናንት ተከፍቷል» አለች በቀስታ።

«አዎ፤ ስለዚህ ቀኑን ሰኞ በይው። ሰኞ እኮ ማድረስ ትችይ ነበር። ጊዜ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፤ እኔም አልከለከልኩሽም።» እንደ አባት አዩዋት። «ማንም አይጎዳም። የግርጌ ሰዎች ሌላ ጠጠር አሰልፈው ይሆናል።»

ትርሲት ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ባዶው ቦታ አራት ዓመት እንደተወችው ነበር። ሦስት ቁጥርን ጻፈች። ከሥሩ ቀን ይጠይቃል፤ ሰኞ ብላ ሞላች። ማሽኑ «ተስተካክሏል» ብሎ አረንጓዴ አበራላት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ኩምሳ አሻግሮ እያየ። «ልጅሽ ተገረዘ።»

ከወትሮው ቶሎ ወደ ቤት ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ችሎቱ በታችኛው አዳራሽ ትልቅ ሸራ ላይ ይታይ ነበር። ከሸራው ግራና ቀኝ ለተከራካሪዎች አንዳንድ ወንበር አለ። የግርጌዎቹ ወንበር ላይ እትዬ ዘርፌ ተቀምጠዋል፤ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሴት። የአበባ እርሻው ወንበር የተሸፈነበት ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልተነሣም። ማሽን አይቀመጥም።

ሰልፉ ሸራው ላይ ሲወጣ አዳራሹ አጉረመረመ። እርሻው አሥራ አራት ግሬደር አሰልፏል። ግርጌዎች አርባ ሁለት ቁራኛ። ሌላ ምንም የለም፤ አንድ ፈረሰኛ እንኳ።

«ምን ነክቷቸዋል?» አለ ኩምሳ ጆሮዋ ላይ። «በቁራኛ ብቻ እንዴት ሊያሸንፉ ነው? አንድም የሚመታ ጠጠር የላቸውም እኮ።»

ትርሲት ያኔ ገባት። ሊያሸንፉ አልመጡም። አሥራ አራቱን ግሬደር ቋጥረው፣ ስልሳ ተራ «አለፍኩ» ብለው፣ በደንቡ መሠረት ከእርሻው በኩል አንድ ሰው በአካል መጥቶ እዚያ ላስቲክ በለበሰው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ነው። ከእሱ ጋር ሊነጋገሩ ነው። ሌላ ያሰቡት ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ተራ አሥራ አራቱም ግሬደሮች ተቋጥረው ቆሙ። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ፤ ረጅም መንገድ ሊሄድ አውቶቡስ ላይ እንደተሳፈረ ሰው።

«አለፍኩ» አሉ። አምስተኛው። «አለፍኩ።» ስድስተኛው። «አለፍኩ።» ሰባተኛው።

ከዚያ ቋጠሮዎቹ ባንዴ ተፈቱ።

እትዬ ዘርፌ ከወንበራቸው ቀና ብለው ሸራውን አዩ። ዞር ብለው አዳራሹን አዩ፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ስሕተት ነው እንዲል የጠበቁ ይመስሉ ነበር። ማንም አልተነሣም። ትርሲት የሻርፗን ዘርፍ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጫማዋን ታይ ነበር። ግሬደሮቹ መጥረግ ጀመሩ። በሃያ ሁለተኛው ተራ ሜዳው ላይ አንድም ነጭ ለባሽ ቁራኛ አልቀረም። የሦስት ዓመት የበጋ ውሃ ወደ ራስጌ ሄደ።

ሰኞ ሰሌዳው ከለውጡ ወዲህ ያለውን ብቻ ቆጥሮ ቁራኛን በአረንጓዴ ጻፈ፤ ሃምሳ። ስምንት ሰዓት ላይ ከታች ተደወለላት፤ እንግዳ አለሽ ተባለች።

እትዬ ዘርፌ የእንግዳ መቀበያው ጋ ቆመው ነበር። ከአዳራሹ ይልቅ በቅርብ ሲታዩ አጭር ናቸው።

«ትርሲት ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ... ደኅና ዋሉ።»

«ደኅና። ከጠጠሩ ሥር ስምሽ አለ። ‘ያዘጋጀችው ትርሲት’ ይላል። ሌላው ጠጠር ሥር የሰው ስም የለም፤ ያንቺ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መጣሁ።»

«ከተከራካሪ ጋር... እኛ እንድንነጋገር አይፈቀድም።»

«እኔም ልነጋገርሽ አይደለም የመጣሁት» አሉ። ቀረብ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ከሻርፗ ጫፍ ጋር አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። «ዳኛ እስኪፈታን።»

ዘበኛው ተነሣ። «እማማ፣ ምን ማለት ነው ይሄ? እህቴ፣ መቀስ ላምጣ?»

ትርሲት ሻርፑን ከአንገቷ አውልቃ መሄድ ትችል ነበር። የተቋጠረው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም። ይህን አስባዋለች። ነገር ግን ያነበበችው ጥናት ላይ ተከሳሹ ነጠላውን ጥሎ ሮጠ የሚል አንድም ቦታ አልነበረም።

«ተወው» አለችው ዘበኛውን፣ በማይሰማ ድምፅ።

ወጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው እየዞረ ያያቸው ነበር፤ ከነጠላው ወደ ሻርፑ፣ ከሻርፑ ወደ ነጠላው። እትዬ ዘርፌ የመጀመሪያውን መንገደኛ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ጎልማሳ፣ አስቆሙት።

«የኔ ወንድም፣ ዳኘን።»

«ምን ላድርጋችሁ?»

«ዳኘን። ይቺ በደለችኝ። ሰምተህ ፍረድ።»

ሰውየው ሲገባው ፊቱ በራ፤ ስልኩን አወጣ። «ኧረ ቀላል ነው፣ ጨዋታ ልክፈትላችሁ። አምስት ተራ ይበቃል?» እትዬ ዘርፌ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ቅር ብሎት ሄደ።

ሁለተኛው ሽበታም፣ ምርኩዝ የያዙ ሰው ነበሩ። ቋጠሮውን ሲያዩ ቆሙ፤ እጃቸውንም ወደ ቋጠሮው ዘረጉ። «አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ» አሉ። «በዓይኔ አያለሁ አላልኩም።» ከዚያ የተዘረጋው እጅ ተመለሰ። «እኔ ግን ምን ሥልጣን አለኝ፣ እህቴ? ኋላ ያለፈቃድ ፈረደ ቢሉኝስ?» እየዞሩ እየዞሩ እያዩዋቸው ራቁ።

ሦስተኛዋ ባለ ፋርማሲ ናት። በሩ ላይ ቆማ ነበር። አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «ደንበኛ ይገባል፤ ከደረጃው ላይ ዞር በሉልኝ» አለች።

እትዬ ዘርፌ የፋርማሲው ጥላ ሥር ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ቀጥሎ ያደረጉትን ትርሲት አልጠበቀችውም። ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ቋጠሮውን ፈቱት። የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉት፣ በመዳፋቸው አለሰለሱት።

«በቃ?» አለች ትርሲት።

«ሦስት ሆነ። አንቺ ያወጣሽው ሕግ ሦስት ተራ አይደል?» ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። «እኔ ጥል ፈልጌ አልመጣሁም፣ ልጄ። አራት ዓመት ለእርሻው ደብዳቤ ጻፍን፤ የሚመልስልን ማሽን ነው፤ ‘መልእክትዎ ደርሶናል’ ይላል። ቀጥሎ ሜዳ ወረድን፤ እዚያም ማሽን ነው። ሰው ነበር የፈለግሁት። አንድ ሰው። አግኝቼ ይኸው አየሁሽ። ልጅ ነሽ።» ነጠላቸውን አጣፉ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። ውሃው ጎደለ፤ ዳኛውም የለ። እንግዲህ ግሬደሩ እንዳሻው ይሂድ።»

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አቀኑ። የማይቸኩል እርምጃ ነው።

ትርሲት ቆማ ቀረች። የሻርፗ ጫፍ የቋጠሮውን ጭምትርትር እንደያዘ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ነፃ ነች። ቢሮ ልትመለስ ትችላለች፤ በሰዓት መቆጣጠሪያው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ያለፋት፤ ኩምሳ ቀልድ አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ጠጠሮቿ ሁሉ በመካከል ናቸው፤ የሚነካ የለም።

ስትሮጥ ራሷን አገኘችው። ፌርማታው ላይ ደረሰችባቸው፤ ሳታስፈቅድ የነጠላቸውን ጫፍ ይዛ ከሻርፗ ጋር ቋጠረችው። ልማድ የላትም፤ አንዴ ተፈታባት፤ ደግማ ቋጠረችው።

እትዬ ዘርፌ ቋጠሮውን አይተው እሷን አዩ።

«ሰኞ አልነበረም» አለች ትርሲት።

«ምኑ?»

«ጠጠሩን የቀየርኩት። ሰኞ ይላል። ሰኞ አይደለም። ረቡዕ ነው። ክርክሩ ከተከፈተ በኋላ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ቃላቱ እርስ በርስ እየተጋፉ ነበር የሚወጡት። «የይግባኝ ቢሮው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይሠራሉ። እዚያ ሰው አለ፤ አንድ ጸሐፊ አለ። እኔ ቀርቤ ካልመሰከርኩ አይቀበሉዎትም።»

«ይሄን ብለሽ ሥራሽስ?»

ትርሲት ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገች። እትዬ ዘርፌም ደግመው አልጠየቁም።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ እንደተከፈተ ሁለቱም እግራቸውን ባንዴ አነሡ፤ ነጠላው ተወጠረ።

«በተራ ይግቡ» አለ በሩ።

«አንቺ ቅደሚ» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«የለም፤ እርስዎ ይቅደሙ።»

ትርሲት ወደ ኋላ ስትቀር ጨርቁ በሩ መካከል ገባ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ጨርቁን ነክቶ መልሶ ተከፈተ። «በተራ ይግቡ። ቅድሚያውን ለመወሰን ጨዋታ ይክፈቱ።» ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ፍቱትና ግቡ፤ ምን ያስቸግራል?» አለ።

አልፈቱትም። ከደረጃው ወርደው በእግር ተነሡ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከፀሐዩ የሚከልል ዛፍ የለበትም። ጎን ለጎን ካልሄዱ ጨርቁ ስለሚጎትት አንዷ የሌላዋን እርምጃ መለካት ነበረባት። የይግባኙ ጸሐፊ ይቀበላቸው አይቀበላቸው፣ ተቀብሎስ ሰው ሆኖ ይሰማቸው እንደሆነ፣ ትርሲት አታውቅም። ነገ ጠዋት የትኛው በር እንደሚከፈትላት አታውቅም። ምን እንደሚባል ስላላወቀች የመብራት ምሰሶዎቹን ትቆጥር ነበር። አንድ። ሁለት። ሦስት። ቋጠሮው አልተፈታም። አራት። አምስት። የእትዬ ዘርፌ ነጠላ ብቻ ነው የሚሰማው።

አሥራ አንደኛው ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ» አለች። «ምሳ በልተዋል?»